የአቶ ሰይድ ትንፋሽ

ባለፈው ሰሞን ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰውዬ ፊቴ ቆሞ ትክ ብሎ አየኝ። ዕድሜዬ ሰው ትክ ብሎ የሚያየኝ ዕድሜ ስላልሆነ፣ ልብሴ ላይ የፈሰሰ ነገር ያለ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም የለም። «የድምፅ ቤቷ እትዬ ዘነበች አይደሉም?» አለኝ። ያወቅሁት ያኔ ነው። ፊት እረሳለሁ፣ ድምፅ ግን አልረሳም፤ ይሄ ጉራ ሳይሆን ሥራዬ ያተረፈልኝ አመል ነው። ጀማል ነበር፣ የልብስ ሰፊው የአቶ ሰይድ ልጅ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ሻይ አዘዘ፣ የኔን ሒሳብ እሱ እንደሚከፍል አስቀድሞ አስታወቀኝ። ውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ፣ ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል፣ የቡና ማሽኑ ያፏጫል። እኔም እንደ ልማዴ ጫጫታውን በየዓይነቱ እየለየሁ ሳለ ሐሳቤ ሹልክ ብሎ ካዛንቺስ፣ ያቺ የእንቁላል ካርቶን የለበሰች ክፍላችን ገባ።

ክፍሏ ከአንድ ሆቴል ጀርባ በብረት ደረጃ የሚወጣባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ከሥሯ ካሴት ቤት፣ ከጎኗ የሴቶች ፀጉር ቤት አለ። ግድግዳዋን እኔና ሸሪኬ ሙሉጌታ ከየምግብ ቤቱ በለመንነው የእንቁላል ካርቶን ሸፍነን፣ በላዩ ብርድ ልብስ ሰቅለንበት ነበር። ዓላማው የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ነው። የካዛንቺስ ድምፅ ግን አንኳኩቶ የሚገባ አልነበረም። ካሴት ቤቱ አዲስ ካሴት በወጣ ቁጥር ስፒከሩን በረንዳ ላይ አውጥቶ ያንኑ አንድ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይለቀዋል፤ ዛሬ በቃሌ ከምወጣቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ በፍቅር ሳይሆን በጉልበት የገቡብኝ ናቸው። ማኪያቶ ከብር እምብዛም ፈቀቅ ያላለበት፣ ታክሲ በሳንቲም የሚሄድበት፣ ሳምቡሳ በሽልንግ ተገዝቶ በጋዜጣ የሚጠቀለልበት ጊዜ ነበር። ሞባይል የያዘ ሰው ሞባይሉን ኪሱ ውስጥ ሳይሆን እጁ ላይ ነበር የሚይዘው፣ እንዲታይለት። በራችን ላይ ሙሉጌታ በቀይ ቀለም «ድምፅ እናጸዳለን» ብሎ ጽፎ ስለነበር፣ አንድ ጊዜ ጉሮሮው የተዘጋ ሰባኪ ደረጃውን ወጥቶ «በዝንጅብል ነው በምን?» ብሎ ጠይቆናል።

ሥራችን ብዙ ዓይነት ነበር። የሠርግ ቪዲዮ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቃለ መጠይቅ። በዚያ ዘመን ካዛንቺስ ቢሮ ያልተከራየ ድርጅት አልነበረም፣ ድርጅቱ ሁሉ ደግሞ ሰው ይጠይቃል፣ ይቀርጻል። ቀረጻው ወደኛ ሲመጣ ግማሹ የዝናብ፣ ግማሹ የፍሪጅ ድምፅ ነው። የተሻሉት በሁለት ማይክ ቀርጸው ያመጡልናል፤ አንዱ ማይክ ተጠያቂው ደረት ላይ ይሰካል፣ ሌላው ጠያቂው ፊት ጠረጴዛው ላይ ይቆማል። ሁለቱም ማይክ ሁለቱንም ሰው ይሰማል፣ ጣጣው እሱ ነው። ሁለቱን እኩል ከፍተው ቢያዋህዷቸው ድምፁ አንዱ ጋ ቀድሞ፣ ሌላው ጋ ዘግይቶ ስለሚደርስ ሰውዬው በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። ስለዚህ የሚናገረውን ሰው ማይክ ከፍ፣ የሚያዳምጠውን ዝቅ እያደረጉ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው። የኔ ሥራ ይሄ ነበር። ማጽዳቱ የሙሉጌታ ነው። ማንም የማይናገርባትን ቅጽበት ይፈልግና ለኮምፒዩተሩ «ጫጫታ ማለት ይሄ ነው» ብሎ ያሳየዋል፣ ኮምፒዩተሩም ያንን ከሁሉም ቦታ ይቀንሳል። ሲበዛ ሰውዬው ውኃ ውስጥ የሰመጠ ይመስላል፣ ሲያንስ ፍሪጁ ይቀራል። እንደ ወጥ ጨው ነው፤ ልኩን እጅ ነው የሚያውቀው።

አቶ ሰይድን በሕይወት ሳሉ አውቃቸዋለሁ። በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው ካዛንቺስ ያረጁ ሰው ናቸው። የስፌት መኪናቸውን ሱቃቸው በረንዳ ላይ አውጥተው፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ሲሰፉ ይውሉ ነበር። ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ሰፊ ኮት ፋሽን በነበረ ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮ ከሚጣደፈው ሰው ብዙው የሳቸውን ትከሻ ለብሶ ነበር የሚያልፈው። አስም ነበረባቸው። በክረምት በዚያ በኩል ስታልፉ ከመኪናው ይልቅ ደረታቸው ይሰማል። ሲያርፉ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ካረፉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጃቸው ፋጡማ ደረጃችንን ወጥታ መጣች። አንድ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች፤ አባቷ በሕይወት ሳሉ ከመሥሪያ ቤቷ መቅረጫና ሁለት ማይክ ተውሳ የሕይወት ታሪካቸውን አስቀርጻለች። ጠያቂው ጎረቤታቸውና የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ጋሼ ተሰማ ናቸው። ለሰደቃው ቀን ዘመድ እንዲሰማው፣ ከዚያም ለየቤተሰቡ በሲዲ እንዲታደል ነው የፈለገችው።

«እኔ ሙሉውን አልሰማሁትም፣ አልቻልኩም» አለች። «ሲቀረጹ ማድቤት ሻይ እያፈላሁ ነበር። አሁን ደግሞ ልሰማው ስል ያ ትንፋሹ ይጀምረዋል፣ አጠፋዋለሁ። እባካችሁ ትንፋሹን አውጡልኝ። በቃ ቃሉ ብቻ ይቅር። ሰው ፊት እንደዚያ ሲጨነቅ እንዲሰማ አልፈልግም፤ አባዬ ኩሩ ሰው ነው።»

ሙሉጌታ ከመሬት ተነሥቶ እንቢ የሚል ሰው አይደለም። ያን ጊዜ ትንፋሽ የሚያወጣ ቁልፍ አልነበረም፤ አንድ በአንድ በእጅ እየፈለጉ መቁረጥ ነው። ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያም ቢሆን ትንፋሽን ከቆሻሻ ጋር ነበር የመደበው። አንገቱን ደፍቶ ሰንብቶ ሲያስረክበኝ አቶ ሰይድ እንደ ዜና አንባቢ ጠርተው ይናገራሉ። «ዘኒ፣ ስሚው እስቲ፣ ክሊን አይደለም?» አለኝ። ክሊን ነበር። እኔም ሁለቱን ማይክ አዋሃድኩና ሲዲው ወጣ። ፋጡማ ሰምታ አለቀሰች፣ መረቀችን፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿም ስማችንን አነሳችልን።

ሰደቃው ካለፈ በኋላ ነው ጀማል የመጣው። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ በፀሐይ የጠቆረ፣ ጂንስ ጃኬቱ አቧራ የጠጣ፣ ገና ወጣት። ሲዲውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ቆሞ ቀረ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። ታሪኩን የነገረን እንደቆመ ነው። እናቱ ያረፈች ጊዜ እሱ በረሃ ላይ ነበር። የላኩበት መልእክት ሚሌ ሲደርስ እሱ ሚሌን አልፏል። የእስልምና ቀብር ደግሞ ሾፌር አይጠብቅም፣ በዕለቱ ነው። ጭነቱን አራግፎ፣ ለታናናሾቹ ልብስ ገዝቶ፣ ደስ ብሎት እያፏጨ ሲገባ ቤቱ ሐዘን ላይ ነው። አባቱ መልእክቱ ደርሶት የቀረ ነው የመሰላቸው። «እናትህን ያልቀበርክ እኔንም አትቀብረኝም። አፈሬን እንዳትነካ» አሉት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠም። ሲያርፉ ቀብሩ ላይ ተገኝቷል፣ ግን አጥሩ ጋ ቆሞ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው የዋለው። ሌላው ሁሉ አፈር ሲያለብስ የገዛ ልጃቸው አላለበሰም። መቃብሩም ጋ ሄዶ አያውቅም።

«ማለቴ... ሲዲው መጨረሻ ላይ ጋሼ ተሰማ ይጠይቁታል» አለ። «ጀማልን አፉ ብለኸዋል ወይ ይሉታል። አባዬ ዝም። ምንም የለም። ከዚያ ጋሼ ተሰማ ሻይህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘ አሉት። እትዬ፣ የቆረጣችሁት ነገር አለ? አለዚያ በቃ፣ ዝም ብሎም ከሆነ እንደዚያው ልወቀው።»

እኔ ያንን ጸጥታ አስታውሰዋለሁ። ጽዱ ሆኖ የደረሰኝን ሳዋህድ፣ አዛውንቱ የይቅርታውን ጥያቄ አልፈውት ነው ብዬ ነበር። አሁን ግን ሙሉጌታን አየሁት፣ እሱም አየኝ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። እኛ አገር አዎ ለማለት አፍ መክፈት ግድ አይደለም፤ ትንፋሽን ሳብ ማድረግ ይበቃል። ከስልክ ወዲያ ያለ ዘመድም፣ ዕቁብ ጸሐፊም፣ ሐኪም ፊት የቀረበ በሽተኛም እንደዚያ ነው የሚመልሰው፤ ፈረንጅ ሲሰማን የደነገጥን ይመስለዋል። መመሪያውን የጻፈው ሰው አገር አዎ የሚባለው በድምፅ ነው፣ ምን ያውቃል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልፈረድኩም፤ ልጅቷ አባቷን ስታከብር፣ ሙሉጌታ የታዘዘውን ሲሠራ የሆነ ነው። ደግነቱ ያልተነካውን ቀረጻ ዓመት ሳይሞላው አንጥልም ነበር።

ኮምፒዩተሩን ከፍተን ፋይሉን እየፈለግን ሳለ መብራት ሄደ። ካሴት ቤቱም አብሮ ጸጥ አለ፤ የቆርቆሮው ዝናብ ብቻ ቀረ። ሙሉጌታ መብራቱ እስኪመለስ ብሎ ጋሼ ተሰማን ሊጠራ ወረደ፣ ቤታቸው ቅርብ ነው። በኋላ ሳስበው ባይጠራቸው ይሻል ነበር። ጋሼ ተሰማ በካዛንቺስ የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጊዜ በቦይ ውኃ የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞችን ሲያስታርቁ ለአንዱ «እሱ እኮ ሲያለቅስ ነው ያደረው» ብለው፣ ለሌላው ሄደው ያንኑ ቃል ብለው፣ ሁለቱም ዓይናቸው እርጥብ ሳይሆን አንገት ለአንገት አስተቃቅፈዋቸዋል። ነገሩ በኋላ ሲታወቅ ሰፈሩ ሳቀ እንጂ ማንም አልተቀየማቸውም፤ ለዕርቅ የተዋሸ አይቆጠርም ይባል ነበር። እሳቸውም ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡና ገና ሳይቀመጡ «ብሏል!» አሉ። «በነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ! አፉ ብሎታል!»

«ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አለ ጀማል መሬት መሬት እያየ። «ግን ባይልም ብሏል ነው የሚሉኝ።»

«ማርያምን እልሃለሁ!»

«ለነጋሽ ሚስትም ከባሏ ሲያስታርቋት ማርያምን ብለውላት ነበር።»

ጋሼ ተሰማ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ያስታረቁበት ውሸት፣ እውነት የያዙ ቀን ምስክርነታቸውን በላባቸው። ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። እኔ ያኔ ነው ያዘንኩላቸው፤ ከጀማል ይልቅ ለሳቸው አዘንኩ ብል አላጋነንኩም።

መብራቱ ሲመለስ ካሴት ቤቱም ዘፈኑን ካቆመበት ቀጠለ። ሙሉጌታ ወርዶ እንዲቀንሱለት ለመነ። ማዳመጫውን ለጀማል አደረግኩለትና አባቱ ደረት ላይ የነበረውን ማይክ ብቻ ከፈትኩ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ከሲዲው ላይ የወጣው ትንፋሽ ሁሉ እዚያ ነው፣ ሲርር እያለ፣ ሲወጣና ሲገባ፣ ሸማው ማይኩን እየታከከ። ጥያቄው ጋ አደረስኩት። «ጀማልን አፉ ብለኸዋል?» ከዚያ ትንፋሽ ወደ ውስጥ። ከዚያ «በል ሻይህን ጠጣ፣ ቀዘቀዘ።» ጀማል ማዳመጫውን ገፋ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ አስሙ ነው። እኔ እኮ አጠገቡ ተኝቼ ነው ያደግኩት፣ አውቀዋለሁ። ትንፋሽማ መቼ ሳይስብ ቀርቶ ያውቃል? ሲያጥረው እንዲህ ነው።» ልክ ነበር። በዚያ ማይክ የትኛው አዎ፣ የትኛው አስም እንደሆነ እኔም ብሆን አልምልም። የልጅየው ልብ ግን ወደ መጥፎው ማዘንበሉ ገረመኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቺን ትንፋሽ ይዞ ይሄድ ነበር። እሱ ለራሱ ማዳላት አልፈለገም።

ሁለተኛው ማይክ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፤ ጋሼ ተሰማ ፊት ጠረጴዛው ላይ የነበረው። አቶ ሰይድ ከዚያ ማይክ ራቅ ብለው፣ ከጠረጴዛው ማዶ ነው የተቀመጡት። የደረቱን ማይክ ዘጋሁና የጠረጴዛውን ብቻ ከመጀመሪያው አንስቼ ከፈትኩት። ፍሪጁ ይሰማል፣ ዝናቡ ይሰማል፣ የጋሼ ተሰማ ድምፅ ጎልቶ፣ የአቶ ሰይድ ቃል ቀጠን ብሎ ይመጣል። ሲርር የሚለው ግን የለም። አስሙ ደረታቸው ውስጥ ነው፣ ጠረጴዛ አይሻገርም። ጋሼ ተሰማ «ከመርሳ ነው አይደል የመጣኸው?» ሲሏቸው ግን አንዲት አጭር ትንፋሽ ጠረጴዛውን ተሻግራ መጣች፣ «ከመርሳ ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ» የሚል ቃል ተከተላት። «መጀመሪያ የሰፋኸው የራስህን ሱሪ ነው አሉ?» ትንፋሽ፣ ሣቅ። «እናታቸውን ያገባኸው ያኔ ነው?» ትንፋሽ። በእያንዳንዱ አዎ ላይ አለች፤ አዎ በሌለበት ሁሉ የለችም። የታመመ ሰው ለራሱ ነው የሚተነፍሰው፣ አዎ የሚል ሰው ግን ፊቱ ላለው ሰው ብሎ ነው የሚስበው፤ ስለዚህ ይሰማል። ይሄንን አላብራራሁለትም። ጀማል እጁን ማዳመጫው ላይ ጫን አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ ከኔ በፊት ገብቶታል።

«ወደዚያ ይውሰዱኝ» አለ።

ወሰድኩት። ስክሪኑ ላይ የድምፁ ምልክት ሲሄድ አያለሁ፣ ድምፁን ግን ማዳመጫው ውስጥ እሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ጥያቄው ሰፋ ብሎ ታየ፣ ከዚያ ቀጭን የፍሪጅ መስመር፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ ጉብታ። ጀማል ሳይናገር ጣቱን አዞረ፣ ድገሚው ማለቱ ነው። ደገምኩት። እንደገና ጣቱን አዞረ። ጋሼ ተሰማ ወንበራቸው ላይ ወደፊት ተስበው ፊቱን ያያሉ፣ ምስክር ሆነው ሳይሆን እንደ ተከሳሽ። በመጨረሻ ጀማል ማዳመጫውን አወለቀ፣ ሄዶ የጋሼ ተሰማን ጉልበት ሳመ። እሳቸው «ተው፣ ተው አንተ» እያሉ ራሱን ዳበሱት፣ እኔና ሙሉጌታ ላለማየት ብለን ገመድ መጠቅለል ጀመርን። አመስግኖን ወጣ። የት እንደሚሄድ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅንም።

በሳምንቱ ፋጡማ መጣች። ወንድሟ ምን እንዳላት አላውቅም፣ የነገረችን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ትንፋሹን መልሱልኝ። ሁሉንም። ሲያስለውም፣ ሲያፍነውም፣ እንዳለ።» ሙሉጌታ ያንን ሁሉ ልፋቱን ጥሎ ካልተነካው ቀረጻ እንደ አዲስ ጀመረ፤ ፍሪጁንና ዝናቡን ብቻ ቀነሰ። እኔም ሳዋህድ የደረቱን ማይክ ለቃሉ፣ የጠረጴዛውን ለትንፋሹ ከፈትኩ። በርሜል በርሜል ይላል በየቦታው። በሙያው ዓይን መጥፎ ሥራ ነው፣ ለደንበኛ ናሙና ብዬ አላሰማውም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ጡረታዬ ድረስ አስቀድሜ ከፊቱ ያለውን ጥያቄ ሳልሰማ የሰው ትንፋሽ አስቆርጬ አላውቅም።

ክፍላችን አሁን የለችም። ሆቴሉም፣ ካሴት ቤቱም፣ የአቶ ሰይድ በረንዳም ፈርሰው መንገድና ፎቅ ሆነዋል፤ በዚያ ሳልፍ የብረት ደረጃው የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት እሞክርና እተወዋለሁ። ሙሉጌታ ልጆቹ ጋ አዋሳ ነው። ጋሼ ተሰማም አርፈዋል፤ ቀብራቸው ላይ ያስታረቋቸው ሰዎች ተሰልፈው ነበር ይባላል፣ ይሄም ትንሽ ሳይጋነን አልቀረም። የእህቴ ልጅ ስልኳን እየነካካች «አንቺ የምትሠሪውን ይሄ በአንድ ቁልፍ ይሠራዋል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሰጥታኝ ሞክሬዋለሁ፤ ፍሪጅም፣ ዝናብም፣ ትንፋሽም አይተርፈውም።

ካፌው ውስጥ የጀማል ሻይ መጣ። መንዳት እንደተወ፣ ልጆቹ እንዳደጉ፣ ፋጡማ ደህና እንደሆነች ነገረኝ። እኔ ግን ለዓመታት የቆየችብኝ አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፤ ያን ቀን ደረጃውን ወርዶ በዝናብ ሲሄድ ልጠይቀው ያልደፈርኩት።

«ጀማል» አልኩት፣ «አባትህ መቃብር ጋ ሄድክ?»

ብርጭቆውን ከከንፈሩ ሳያርቅ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሳያነሳ ትንፋሹን ሳብ አደረገ። ቴሌቪዥኑ ጎል ብሎ ይጮኻል፣ ረዳቱ ስታዲየም፣ ስታዲየም ይላል፣ ማሽኑ ያፏጫል። ያቺ ትንፋሽ ጠረጴዛውን ተሻግራ መጣች፤ እንዲደግምልኝ አልጠየቅኩትም።